ከስንት ሰው? የወባን ቁጥር ስንሰማ የምንዘለው ጥያቄ

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ በወሎ ቆላ ሌላ ወሬም አብሮ ይደርሳል። የወባ ወሬ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከቆቦ እስከ ከሚሴ የጤና ጣቢያው በረንዳ ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥ ሰው ይሞላል። ስልኩ ደግሞ በቁጥር ይሞላል። «እገሌ ወረዳ አምስት ሺህ ሰው ታሟል።» «ካምናው በእጥፍ ብሷል።» «ኧረ ውሸት ነው፣ ደብቀው ነው እንጂ ከዚያ በላይ ነው።»

በአገር ደረጃም ነገሩ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባወጣው መረጃ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። አንዱ ይህን አይቶ «አለቅን» አለ። ሌላው «ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የሞተው አንድ ሺህ ብቻ ከሆነ ምኑ ያስፈራል?» አለ። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ቁጥር ነው፣ ሁለቱም ግን ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር አልጠየቁም። ለምሳሌ 7.3 ሚሊዮን የሰው ብዛት አይደለም፣ የሕመም ብዛት ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ የታመመ ገበሬ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። በተለይ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ አድፍጦ ቆይቶ ያለ አዲስ ንክሻ ተመልሶ ስለሚነሳ አንድ ሰው ደጋግሞ መዝገብ ላይ መውጣቱ አይገርምም።

ያልታመመውንም የሚቆጥር ሙያ

በሽታና ጤና በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጩ፣ ለምን እዚህ በዝተው እዚያ እንደሚያንሱ የሚያጠናው ሙያ ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። ሐኪም ፊቱ የተቀመጠውን ሰው «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤፒዲሚዮሎጂስቱ ግን ቤቱ የቀረውን ጤነኛ ጭምር ይፈልጋል። ያለ እሱ ሂሳቡ አይሠራም።

የሙያው የታወቀ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ሟቾቹ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ባለ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መብዛታቸውን በካርታ አሳየ። ብዙ ጊዜ የሚወራው እዚህ ድረስ ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው የታሪኩ ሌላ ቁራጭ ነው። ፓምፑ አጠገብ ቢራ የሚጠምቁ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፣ ከእነሱ ግን በኮሌራ የሞተ አልተገኘም። ስኖው ጠይቆ ሲያጣራ የሚጠጡት ቢራ ነው፣ ከፓምፑ አይቀዱም። ጥርጣሬውን ያጠናከሩለት ያልሞቱት ናቸው።

ከታች የሚቀመጠው ቁጥር

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። የታመሙትን ከላይ፣ ሊታመም የሚችለውን ሕዝብ ከታች አድርጎ ማካፈል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ዞን 2,518,862፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ 457,278 ሕዝብ ነበራቸው። ለስሌት ያህል ሁለቱም ዞኖች 5,000 ሕመምተኛ አሳወቁ እንበል። ወሬው «እኩል ናቸው» ይላል። ሲካፈል ግን ደቡብ ወሎ ላይ ከሺህ ሰው 2 ገደማ ሲሆን ከሚሴ ያለችበት ዞን ላይ ከሺህ 11 ገደማ ይሆናል። ከአምስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው።

እዚህም አያልቅም። ደቡብ ወሎ ውስጥ የሚኖረው ሰው ብዙው ደገኛ ነው። የለጋምቦን ብርድ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢምቢ ወባ ታስይዛለች ብሎ አይጨነቅም። የወባ መተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ነው። ስለዚህ ደጋውን ሁሉ ከታች አስገብቶ ማካፈል የቃሉ ወረዳን ቆላ ችግር በለጋምቦ ሰው ብዛት ማቅጠን ነው። ባለሙያዎቹ «ለአደጋ የተጋለጠ ሕዝብ» የሚሉት ለዚህ ነው። በበሽታው ሊያዝ የሚችለውን ብቻ ከታች አስቀምጡ ማለታቸው ነው።

ትልቁ ጣጣ ደግሞ የታችኛው ቁጥር ማርጀቱ ነው። የመጨረሻው አገራዊ የሕዝብ ቆጠራ ያው የ1999ኙ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ቁጥር በየዓመቱ በግምታዊ የዕድገት መጠን እየተባዛ የመጣ ነው። ኮምቦልቻ በዚያ ቆጠራ ከዙሪያዋ ገጠር ጋር 85,367 ሰው ነበራት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ሥራ ፈላጊው ከየገጠሩ ጎረፈ፣ ቤት ኪራይ ምን ያህል እንደደረሰ የከተማው ሰው ያውቀዋል። አንዳንዱ ገጠር ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ወጣቱ ዓረብ አገር ሄደ፣ ሌላው ለአጨዳና ለአረም መተማና ሁመራ ወረደ። በጦርነትና በግጭት የተፈናቀለውም አለ፣ ጃራና ጃሪ መጠለያ የገባው ሰው በየትኛው ቀበሌ ሕዝብ ይቆጠር? በወጣበት ወይስ ባረፈበት?

የዚህ ምልክት በየሪፖርቱ ይታያል። አንዳንድ ቦታ የሕፃናት ክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ይወጣል። ሰዉ ይስቃል፣ «ያልተወለደም ከተቡ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልዋሸም። የተከተቡት በእርግጥ ተከትበዋል፣ ከታች የተቀመጠው የሕፃናት ግምት ነው ከእውነተኛው ያነሰው።

አንድ ትኩሳት መዝገብ እስኪደርስ

አሁን ወደ ላይኛው ቁጥር። እዚህ ትንሽ እንቆይ፣ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቃሉ ቆላ ውስጥ አንድ ገበሬ ሐሙስ ማታ አተኮሰው እንበል። ራሱን ያዘው። «ምች ነው» ተባለ፣ ዳማከሴ ታሽቶ ተጨመቀለት። አርብ ቀለል አለው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብርዱ ጥርሱን አንቀጫቀጨው። ጎረቤት አምና ተጀምራ የቀረች የወባ መድኃኒት፣ የኮአርተም ፍሬ ነበረው፣ ሁለት ዋጠ። ተሻለው። ይህ ሰው ወባ ነበረበት፣ የትም ግን አልተመዘገበም።

ሌላው አልተሻለውም። የገበያ ቀን ስለሆነ ከተማ ገባ፣ ፋርማሲ ሄዶ መድኃኒት ገዝቶ ተመለሰ። እሱም አልተመዘገበም። ሦስተኛው ጤና ኬላ ሄደ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለክትባት ወደ ሌላ ጎጥ ወጥታለች፣ በሩ ተቆልፏል። አራተኛው አገኛት። ጣቱን ወግታ አንድ ጠብታ ደም በመመርመሪያ ኪቱ ላይ አደረገች፣ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ይህ አንዱ ብቻ በመዝገቡ ላይ ሰፈረ። ሰኞ ጀምሮ እሁድ በሚያልቀው ሳምንት ውስጥ ተደምሮ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ክልል ሄደ።

ይህ ሰንሰለት «የበሽታ ቅኝት» ይባላል። የሚይዘው ወደ መንግሥት ጤና ተቋም የመጣውን፣ የተመረመረውንና የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚጨምረው በሽታው ሲጨምር ብቻ አይደለም። ኪት ሲመጣም ይጨምራል፣ መንገድ ሲከፈትም ይጨምራል፣ የቅርብ ጤና ኬላ ሥራ ሲጀምርም ይጨምራል። ኪት ሲያልቅ ደግሞ በሽታው «ይቀንሳል»።

ለዚህ መላ አለው። ከተመረመሩት ስንቱ ተገኘበት ብሎ መጠየቅ። አንድ ሳምንት 100 ሰው ተመርምሮ 30 ተገኘበት፣ በሚቀጥለው 300 ተመርምሮ 60 ተገኘበት እንበል። «በእጥፍ ጨመረ» ማለት ይቻላል። ከመቶ ሲሰላ ግን ከ30 ወደ 20 ወርዷል። የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም ነው። ሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ ያላየ ሰው ግን መፍረድ የለበትም።

የተመረመረበት ቦታና የተያዘበት ቦታም ይምታታል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ሆስፒታሏ ግን ከባቲ፣ ከወረባቦ፣ ከአፋር ጭምር ታማሚ ይቀበላል። በመዝገቡ ላይ «ደሴ» ተብሎ የሚወጣው ወባ ቢምቢዋ ጦሳ ተራራ ላይ ወጣች ማለት አይደለም። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው። ቁንጭር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የቆዳ ቁስል፣ የሚታከምበት ቦታ ስለሆነ ሕመምተኛው ከሩቅ ይመጣል። እዚያ ያለውን ሰልፍ አይቶ «ደሴ ዙሪያ በቁንጭር አለቀ» ማለት፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል ቆጥሮ የባቲ ሰው ሁሉ ግመል አለው እንደማለት ነው።

ሮቶው፦ የገባውና ያለው

ሌላው የሚምታታ ጥንድ ቃል ኢንሲደንስና ፕሪቫለንስ ነው። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ቤት ይቸገራል፣ ምሳሌው ከዚያው ይሁን። በቧንቧው በዚህ ሳምንት የገባው ውሃ ኢንሲደንስ ነው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የታመሙት። አሁን ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ፕሪቫለንስ ነው፣ በዚህ ሰዓት ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ሁሉ። ከሮቶው የሚወጣው ደግሞ ወይ የዳነ ነው ወይ የሞተ።

ወባ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል፤ ሮቶው ብዙም አይጠራቀምበትም። ስኳር፣ ደም ግፊትና ኤችአይቪ ግን ይጠራቀማሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ይሞት የነበረው ሰው በሕይወት መቆየት ጀመረ። ስለዚህ አዲስ የሚያዘው ቢቀንስም ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው ሰው ቁጥር ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ያ ጭማሪ መልካም ዜና ነው። «ኤችአይቪ ጨመረ» የሚል አርዕስት ስታዩ የጨመረው የገባው ነው ወይስ ያለው? ብላችሁ ጠይቁ።

የሞቱት፣ ከታመሙት ወይስ ከሕዝቡ?

ሞትም ሁለት ዓይነት ማካፈያ አለው። ከታመሙት ስንቱ ሞተ ሲባል የበሽታውን ገዳይነት ይለካል። 1,157ን ለ7.3 ሚሊዮን ብናካፍል ከ100,000 ሕመም 16 ገደማ ሞት ይሆናል። ከሕዝቡ ስንቱ ሞተ ሲባል ግን በአገሩ ላይ ያለውን ጫና ነው የሚለካው፣ ከ130 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲሰላ ከ100,000 ሰው 1 ገደማ።

በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ከመቶ ታማሚ አምስት ማለት ነው። ወረርሽኙ ወባን ወደማያውቀው ወደ ወይና ደጋው የወጣ ነበር፣ ሰዉም የለመደ ሰውነት አልነበረውም፣ መድኃኒትም እንደ ልብ አልነበረም። ከዚያ ጋር ሲተያይ በ2016ና በ2017 ዓ.ም. የታመመው በእጥፍ በልጦ የሞተው እጅግ ማነሱ የምርመራና የመድኃኒት ፍሬ ነው ማለት ያስኬዳል።

ግን ጥንቃቄ ያሻል። የ1958ቱ ግምት ነው፣ የ2017ቱ የጤና ተቋም መዝገብ ነው። ሁለቱ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። መዝገቡ ቤቱ የሞተውን አያውቅም። የሞት ምዝገባ በሕግ ግዴታ ሆኖ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቢጀመርም ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀበሌ አይደለም። ወደ ቅሬው፣ ወደ ቀብር መረዳጃ ማኅበሩ ነው። ድንኳኑን የሚተክለው፣ መቃብሩን የሚቆፍረው ቅሬው ነውና ማን መቼ እንደሞተ ከማንም በፊት ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ ከቀብር ቦታዎች መረጃ እየሰበሰቡ የሞትን ምክንያት የማጥናት ሥራ ተሠርቷል። ምክንያቱ የሚታወቀው ቤተሰቡን «ከመሞቱ በፊት ምን ይለው ነበር? አተኮሰው? አስላው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ወሎ ላይ ቅሬና እድርን ከበሽታ ቅኝቱ ጋር ማገናኘት በእኔ ግምት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። ችግሩ ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማን፣ መቼ፣ በምን አንደበት ይጠይቀው የሚለው ነው።

ጆንያውን መሐል መውጋት

ሁሉን መቁጠር ካልተቻለ ናሙና ይወሰዳል። እህል ነጋዴ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ጤፍ አይቶ አይገዛም፣ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ያምራል። መሐሉን ወግቶ ያወጣል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለውም እንደዚያው ነው፣ በዕጣ የተመረጡ ቤቶችን አንኳኩቶ ይጠይቃል። የ2008 ዓ.ም. ጥናት በመላ አገሪቱ 16,650 ቤተሰቦችን አነጋግሯል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 166 እንደነበሩና በ2008 ወደ 67 እንደወረዱ ያወቅነው ከእነዚህ ጥናቶች ነው።

ናሙና ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር አይሰጥም። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ1997 ዓ.ም. ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 673፣ በ2003 ደግሞ 676 ተባሉ። «በሦስት ጨመረ» ብሎ የጮኸ ነበር። በ2008 412 ተባለ፣ እሱም ቢሆን ሲብራራ እውነተኛው ከ273 እስከ 551 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱ እንዲህ ሰፊ ከሆነ የሦስት ልዩነት ወሬ አይሆንም። ከ676 ወደ 412 መውረዱ ግን ወሬ ይሆናል።

ወረርሽኝ የሚባለው መቼ ነው?

ወረርሽኝ ማለት ብዙ ማለት አይደለም። ለቦታውና ለወቅቱ ከሚጠበቀው በላይ ማለት ነው። ቆላ ላይ በጥቅምት አሥር ታማሚ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከቀዬው ሳይወጣ የታመመ አሥር ሰው ደጋ ላይ ከተገኘ ግን ጉድ ነው።

የሚጠበቀው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ካለፈው መዝገብ ነው። የተለመደው ዘዴ ያለፉትን አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ቁጥሮች ይደረድርና ሁለተኛውን ትልቅ ደፍ ያደርገዋል። ደፉ ከታለፈ ማንቂያው ይደወላል። የአምስት ዓመት መዝገብ የሌለበት ቦታ ያለፈውን ዓመት ቁጥር እጥፍ ይጠቀማል።

እዚህ ላይ የወሎ ልዩ ችግር ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር፣ ሰሜን ወሎ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። ብዙ ጤና ተቋም ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ወቅቱን ልብ በሉ፣ የወባ ጣሪያ የሆኑት ሳምንታት ናቸው። ከዚያ በኋላም በግጭት ምክንያት ሪፖርት የቆመባቸው ጊዜያት አሉ። እነዚህ ባዶ ሳምንታት መዝገብ ላይ ምን ሆነው ገቡ? «አልታወቀም» ተብለው ወይስ «0» ተብለው?

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ጤና ጣቢያ በአምስት ዓመት በዚያ ሳምንት 40፣ 62፣ 55፣ 30 እና 48 ታማሚ ቢኖረው ደፉ 55 ነው። ዘንድሮ 50 ቢመጣ ማንቂያ የለም። ከአምስቱ 62ና 55 የነበሩባቸው ዓመታት ባይመዘገቡና በዜሮ ቢሞሉ ግን ደፉ ወደ 40 ይወርዳል። ያው 50 ሰው አሁን ወረርሽኝ ነው። ተቃራኒውም አለ። ሁለት ክፉ ዓመት ከተከታተሉ ሁለቱም መነጻጸሪያው ውስጥ ይገቡና ደፉን ይሰቅሉታል። ቀድሞ ያስደነግጥ የነበረው ቁጥር የተለመደ ይሆናል። በአገር ደረጃ በ2023 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ሕመም በራሱ ብዙ ነበር፣ ቀጣዩ ዓመት ገና ሳያልቅ 7.3 ሚሊዮን አልፏል። እነዚህ ዓመታት መነጻጸሪያ ሲሆኑ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

እንመነው ወይስ እንተወው?

ባለሙያዎች ዘንድ ሁለት አቋም ይሰማል። አንደኛው የጤና ተቋም መዝገብ ጎዶሎ ስለሆነ እውነቱን ከፈለግን ቤት ለቤት ጥናት እንሥራ ይላል። ትክክል ነው፣ ግን ጥናቱ ተሠርቶ፣ ተተንትኖ እስኪወጣ ቢምቢዋ አትጠብቅም። ሁለተኛው መዝገቡ ጎዶሎ ቢሆንም በየሳምንቱ ይመጣል፣ ጉድለቱ እኩል ከቀጠለ መውጣትና መውረዱ ይታመናል ይላል። ይህም ያስኬዳል፣ ጉድለቱ እኩል እስከቀጠለ ድረስ ብቻ። ሰላም ባለበት ዓመት ከአራት ታማሚ አንዱ ተመዝግቦ፣ መንገድ በተዘጋበት ዓመት ከአሥር አንዱ ከተመዘገበ ሁለቱን ዓመት ማነጻጸር ራስን ማታለል ነው።

«ይደብቃሉ» የሚለውና «ዕርዳታ ለማግኘት ያጋንናሉ» የሚለው ክርክር ደግሞ አልፎ አልፎ እውነት ሊኖረው ይችላል። ለብዙው ልዩነት ግን ደባ መፈለግ አያስፈልግም፣ የተቆለፈ ጤና ኬላና ያለቀ ኪት ይበቃሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ መጠበቅ ይቻላል። አዲሱ ቆጠራ በተካሄደ ጊዜ የየወረዳው የታችኛው ቁጥር በአንድ ጀንበር ይቀየራል። ኮምቦልቻ ከተገመተው በላይ ሰው ከተገኘባት የወባ መጠኗ አንዲት ቢምቢ ሳትሞት ይወርዳል። ወጣቱ የወጣበት የገጠር ወረዳ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰው ሳይታመምበት ከፍ ይላል። ሕፃናት ከተገመተው በላይ የተገኙበት ወረዳ የክትባት ሽፋንም ከ112 በመቶ ወደ 80 ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ያንን ማስረዳት ሊኖርበት ነው።